የዲንቄ እንቁላልና የፈለቀች ሣጥን

የፈለቀች ችግር የሚጀምረው ዲንሾ ላይ ነበር። ከቢሾፍቱ በካርቶን የተጫኑ የአንድ ቀን ጫጩቶች እስከ አዳባ ድረስ እየተንጫጩ፣ ተሳፋሪውን እያሳቁ ይመጣሉ። አውቶቡሱ ዳገቱን ጨርሶ ዲንሾ ሲደርስና የተራራው ውርጭ ሲቀበላቸው ግን አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ፈለቀች ሮቤ መናኸሪያ ቆማ ካርቶኑን ስትቀበል መጀመሪያ የምታደርገው ጆሮዋን ማስጠጋት ነበር። ጫጫታ ከሰማች «ተመስገን» ትላለች። ካልሰማች እዚያው አጥር ጥግ ቁጢጥ ብላ የሞቱትን በሕይወት ካሉት ትለያለች፤ የተረፉትንም ጋቢዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤቷ ትሮጣለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ልደትን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ጫጩት ታስመጣለች፣ ጥቂት ሳምንት አሙቃ ታቆያለች፣ ከዚያ ለከተማውና ለአካባቢው ሴቶች ትሸጣለች። ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ ካርቶን ጭጭ ብሎ መጣ። ያን ቀን አላለቀሰችም። ካርቶኑን ዘግታ፣ «ጫጩቱ ሮቤ መድረስ ካልቻለ እዚሁ ሮቤ ይወለድ» አለች።

ለዚህ የሚያስፈልገው የታቀፈች ዶሮ የምትሠራውን በደንብ ማየት ነው። ፈለቀች ደግሞ የታቀፈች ዶሮ ሥራ ፈታ የተቀመጠች ከሚመስላቸው ሰዎች አልነበረችም። ዶሮዋ እንቁላሉን በሆዷ ታሞቃለች። በውስጡ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ በምንቃሯ እየገፋች ደጋግማ ታገላብጠዋለች። ጠል ካለበት ሣር ስትመለስ በረጠበ ሆዷ ስለምትተኛበት እንቁላሉ ርጥበቱን አያጣም። ሙቀት፣ ማገላበጥ፣ ርጥበት፤ ፈለቀች እነዚህን ሦስቱን አስተዋለች። ዶሮዋ በየቀኑ ጥሬ ለመልቀም ስትነሣ እንቁላሉ በገላጣ እንደሚቆይ ግን ልብ አላለችም።

ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ብረታ ብረት የሚሠራው ሙለታ የተበላሸ ፍሪጅ አገኘላትና ማስፈልፈያ አድርጎ ሠራው። ለሙቀት አምፖሎች ገጠመለት፤ አምፖሎቹን የሚያበራና የሚያጠፋ የሙቀት መቆጣጠሪያ አሰረለት፤ ሙቀቱ አንድ ጥግ እንዳይከማች ትንሽ ማራገቢያ አስገባ፤ ከታች የውኃ ሳህን አኖረ፤ በሩን ቀዶ መስተዋት አለበሰው። መጨረሻ ላይ ከግርጌና ከራስጌው ቀዳዳዎች በሳ። ስለ ቀዳዳዎቹ ምንም አላለም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

የቀረው እንቁላል ነበር። እንቁላል ደግሞ ከዲንቄ ውጭ ከማን ይገዛል? ዲንቄ ከጎባ ከፍ ብላ፣ ተራራው ሥር ባለች መንደር የምትኖር ገበሬ ናት። ልደትን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ስለሆነች ሁለቱ አበልጅ ናቸው። አንዷ በአማርኛ ስትጀምር ሌላዋ በኦሮምኛ እየጨረሰች፣ ከእኅትማማች የማያንስ ፍቅር ነበራቸው። የዲንቄ ዶሮዎች ውርጭ የለመዱ ነበሩ፤ አውራ ዶሮዋም መንደሩን የሚያንቀጠቅጥ ነው። አውራ ያላገኛት ዶሮ እንቁላል ለመጥበሻ እንጂ ለጫጩት አይሆንም።

ዲንቄ ቅርጫቷን ታክሲው ጣራ ላይ አላስጫነችም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችው። ከገባች በኋላ ማሽኑን ዞራ ዞራ አየችው።

«አካም ጂርታ፣ አበልጄ! እንግዲህ አዲሷ ዶሮሽ ይቺ ናት? ክንፍ የላት፣ ምንቃር የላት!»

«ክንፍ ባይኖራትም ካንቺ ዶሮ ይልቅ ብዙ ትታቀፋለች። ጥሬም አትለምንም።»

«መብራት ትበላ የለ እንዴ! እሱም ሲፈልግ ይጠፋል። የኔዋ ጭልፊት ካልወሰዳት ጠፍታ አታውቅም።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ፈለቀች፣ «የሰሞኑን ብቻ ነው አይደል ያመጣሽልኝ?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። በክርስቲያን ቤት እንቁላል አይበላም፤ ዶሮ ግን ጾም መግባቱን ስለማታውቅ መጣሏን አትተውም። ብዙ ሴቶች የጾሙን እንቁላል ገብስ ውስጥ እየቀበሩ ለፋሲካ ያቆዩታል። ለመብል ክፋት የለውም። ለማስፈልፈል ግን አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ሕይወት ከሳምንት ወዲያ በየቀኑ ይደክማል።

«የሰሞኑን ነው» አለች ዲንቄ። «ማታ ማታ ከጎጆው እየለቀምኩ ለብቻው ነው ያስቀመጥኩልሽ።»

እንቁላሎቹ ገቡ። ያን ሰሞን ሮቤ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ አጥንት ይበሳ ነበር። ፈለቀች እጇን ወደ ማሽኑ ቀዳዳ ስታስጠጋ አየሩ ሲገባ ተሰማት፤ በዚያው የዲንሾ ውርጭ ትዝ አላት። አራስ ቤት በር ተከፍቶ ያድራል እንዴ? አራስን ንፋስ እንዳይመታት መስኮቱ ይዘጋል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ በሩ ላይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ይህንን እናቷ አድርጋለች፤ እሷም ልደትን ስትወልድ ያረሰቻት ዲንቄ አድርጋላታለች። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጥጥ ወተፈቻቸው፤ በላዩም ብርድ ልብስ ደረበች። ወዲያው ሙቀቱ ረጋ። መስተዋቱም ጠል አወጣ። ፈለቀች ጠሉን ባየች ቁጥር ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

በመሃሉ እንቁላሎቹን መረመረች። ይህን ያላየ ሰው ቢኖር ሊያየው ይገባል። ጨለማ ጓዳ ውስጥ የስልክ መብራት በተጠቀለለ ወረቀት አሳልፎ እንቁላሉ ሥር መያዝ ነው። ዘር የሌለው እንቁላል እንደ ፋኖስ ጥርት ብሎ ይበራል። ሕይወት ያለው ግን ቀያይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ዘርግቶ ይታያል፤ መካከል ላይ የምትርገበገብ ነጥብ አለች፤ እሷ ልብ ናት። የዲንቄ እንቁላሎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሥር አውጥተው ነበር። «እይ ልደት፣ እይ! ልቡን እይ!» እያለች ልጇን ጓዳ ድረስ ጎትታ አሳየቻት።

አሮጌ እንቁላል ገና ከጅምሩ ይከስማል፤ እንዲህ ሥር አይዘረጋም። የዲንቄን ታማኝነት የሚመሰክረው ነገር በፈለቀች እጅ ላይ ሆኖ በመብራት ታይቷል።

የመፈልፈያው ቀን አስቀድመው ጫጩት ያዘዙ ሴቶች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። አንዳንዱ እንቁላል ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ከስንጥቁ ውስጥ ደካማ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ሰዓታት አለፉ። የወጡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እግራቸው እየከዳቸው ወደቁ።

«የፍሪጅ ዶሮ በረዶ ጣለች!» አለች አንዷ። የተቀሩት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ፈለቀች ፊቷ ጋመ። አፏ ላይ መጀመሪያ የመጣው ቃል ወጣ፦ «ማሽኑ ምን ያድርግ? እንቁላሉ ነው። አሮጌ ነው የሰጠችኝ።»

«ማን?»

«ዲንቄ ናታ!»

ስትናገረው የምታምነው መሆኑን እሷም አታውቅም ነበር። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጥጠው፣ «በጾም!» ሲሉ ስትሰማ ግን አመነችው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያልተፈለፈሉትን እንቁላሎች በሳፋ ይዛ ሮቤ ገበያ ገባች። ዲንቄ እንደ ወትሮዋ ቅርጫቷን ፊቷ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ ገና ስታያት ቦታ ልትለቅላት ተነሣች።

«አትነሺ» አለቻት ፈለቀች። «ለፋሲካ ያጠራቀምሽውን ነው የሸጥሽልኝ!»

ዲንቄ ዙሪያዋን አየች። «ፈለቀች፣ ሰው እየሰማ ነው።»

«ይስማ! እኔን ያዋረድሽኝ ሰው ፊት አይደለም ወይ?»

«እኔ በጾም፣ ለአበልጄ፣ አሮጌ እንቁላል እሸጣለሁ?»

«ሸጠሻላ!»

ዲንቄ ከቅርጫቷ አንድ እንቁላል አነሣችና ድንጋይ ላይ ነካ አድርጋ መዳፏ ላይ ሰበረችው። አስኳሉ ጉብ ብሎ ቆመ፤ ነጩ ዙሪያውን ሳይፈስስ ረጋ። የሰነበተ እንቁላል ሲሰበር እንደ ውኃ ይንጣለላል፤ ይህን የማታውቅ ሴት ገበያው ውስጥ አልነበረችም። ፈለቀችም አየችው።

«የዛሬው ትኩስ ነው» አለች። «የዚያን ጊዜውስ?»

ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ዲንቄ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ቅርጫቷን አነሣች፣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሮቤ ገበያ ላይ የዲንቄን እንቁላል ጆሮው ጋ አስጠግቶ ሳይነቀንቅ የሚገዛ ጠፋ። «የአሮጌዋ» የሚል ስምም ወጣላት። ጥቂት ገበያ ታግሣ ቀረች።

ፈለቀች ለሁለተኛው ዙር እንቁላል የገዛችው ከጎረቤቷ ከዙሀይራ ነው። ዙሀይራ ሙስሊም ስለሆነች ለፋሲካ የምታቆየው እንቁላል የላትም። ፈለቀች ግን ያንንም አላመነችም፤ እየሄደች ገና ትኩሳቱ ያልለቀቀውን በራሷ እጅ ከጎጆው ለቀመች። አስገባች፣ አገላበጠች፣ ውኃ ሞላች፣ በጓዳ መረመረች፤ ሥሮቹ ተዘርግተው ልቡ ሲመታ አየች። ቀኑ ደረሰ። የሆነው ሁሉ እንደ መጀመሪያው ሆነ።

ሰው አልጠራችም። ደጃፏ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጠችና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሰበረች። ጫጩቶቹ ሙሉ ነበሩ፤ ላባቸው በቅሏል፣ ጥፍራቸው ሳይቀር ወጥቷል። ሁሉም አንገታቸውን ወደ እንቁላሉ ወፍራም ጫፍ አዙረው፣ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሞቱት።

የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ይምሰል እንጂ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ፅንሱ በነዚያ በኩል አየር ይስባል። በወፍራሙ ጫፍ በኩል ደግሞ ትንሽ የአየር ቋት አለች። ጫጩቱ ሊወጣ ሲቃረብ በምንቃሩ ስሱን ሽፋን ቀድዶ ወደዚያች ቋት አፉን ያስገባና በሕይወቱ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ይስባል። ያንን ኃይል ይዞ ነው ቅርፊቱን የሚሰብረው። እንግዲህ ከምንጊዜውም ይልቅ አየር የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው። የባሌ ከፍታ ላይ አየሩ በራሱ ስስ ነው፤ የታፈነ ሣጥን ውስጥ ደግሞ እንኳን ለዚያ ሁሉ ጫጩት ለአንዱም አይበቃም።

ሙለታ ተጠርቶ መጣ። ብርድ ልብሱን ገለጠ፤ ከቀዳዳው ጥጡን በጣቱ ስቦ አወጣ።

«እኅቴ፣ ይኼን ለጌጥ ነው የበሳሁት?»

«አልነገርከኝም!»

«የቤትሽ በር መግቢያ መሆኑን የነገረሽ አለ?»

«ንፋስ እንዳይመታቸው ብዬ ነው።»

ሙለታ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ጥጡን መሬት ጥሎ የቀሩትን ከፈተ።

ሦስተኛው ዙር ተሳካ። ቤቱ በጫጩት ድምፅ ተሞላ፤ ካርቶን አውቶቡስ ላይ ሳይወጣ፣ ዲንሾን ሳያይ፣ ሮቤ ተወልዶ ሮቤ የጮኸ ድምፅ። ጫጩት ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ትዕግሥት ላለው ሰው ከማስፈልፈሉ ይጥማል። ፈለቀች ቴርሞሜትር ነበራት፤ ከሱ ይልቅ የምታምነው ግን ጫጩቶቹን ነው። አምፖሉ ሥር ተቆልለው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተጠጉ ከወዲያኛው ጎን ንፋስ እየገባ ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን በፊቱ ጋሻ የሚሆን ካርቶን ይቆማል። ጠብ ጠብ እያሉ ከበሉና ተበታትነው ከተኙ ግን ምንም አትንኪ። ጭዱ ሲረጥብ ይቀየራል። ውኃው ለብ ብሎ ይቀርባል። ፈንግል እንዳይፈጃቸው ክትባቱ በዓይናቸው ይንጠባጠባል። ፈለቀች እያንዳንዷን በመዳፏ ይዛ ጠብታውን ስታደርግላት እንደ ሕፃን ታወራታለች።

ሴቶቹ ተመልሰው መጡ። የቆሙትን ጫጩቶች አይተው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አየሽ!» አሏት። «ጥሩ እንቁላል ስታገኚ እንዴት እንደሚያምር!»

«ያቺ የአሮጌዋ ልታጠፋሽ ነበር!»

ፈለቀች አፏን ከፈተች። ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረባት። ገና ሁለት ጊዜ ያፈረችበት ሥራ ነው፤ ገዢዎቹ ገና መመለሳቸው ነው፤ አሁን ይህን ከሰሙ ማን ያምናታል? «ልክ ናችሁ» አላለችም። «አይደለም» ማለትም አቃታት። ጎንበስ ብላ ጫጩት መቁጠር ጀመረች። ከእንግዲህ የተፈለፈለው እያንዳንዱ ጫጩት በዲንቄ ላይ ሌላ ምስክር ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ጉልበታሞቹን መርጣ በቅርጫት ይዛ ወደ ዲንቄ መንደር ወጣች። ዲንቄ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ አላለቻትም።

«አበልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መተንፈሻውን ዘግቼ ነው። እንቁላልሽ ንጹሕ ነበር። ማሎ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይህንን ሮቤ ላይ ተናግረሻል?»

ፈለቀች ጎንበስ ብላ የቅርጫቱን ክዳን አስተካከለች።

«ገበያ መሃል ሰድበሽኝ ይቅርታሽን ጓዳ ይዘሽ መጣሽ?» አለች ዲንቄ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ እንደሆን እንቁላሌ ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።» ጫጩቶቹንም አልተቀበለችም።

ፈለቀች በሚቀጥለው ገበያ ልትናገር አሰበች። በሚቀጥለው ገበያ ብዙ ትእዛዝ መጣ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ልደት አልፎ አልፎ የክርስትና እናቷን ልትጠይቅ ትሄድና ቅቤና ገብስ ተሸክማ ትመለሳለች። አንድ ቀን ፈለቀች፣ «ስለ እኔ ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻት።

ልደት ቅቤውን አስቀመጠች። «‹አንቺ ልጄ ነሽ፤ ልጅነትሽ አይፈርስም። እናትሽ ግን አበልጄ አይደለችም› አለች።» ቀጥላም፣ «ዶሮዎቿን ሸጣ ጨርሳለች፣ እማዬ። ነጭ ሽንኩርት ነው አሁን ጎባ የምትሸጠው። አውራ ዶሮውንም አረዱት» አለች።

መጸው ላይ የዙሀይራ ዶሮዎች ላባቸውን አራግፈው እንቁላል መጣል አቆሙ። ፈለቀች ከሶፍ ዑመር በኩል፣ ከቆላው እንቁላል አስመጣች። የቆላ ዶሮ እንቁላል ደጋ ሲመጣ በስሱ አየር ውስጥ ውኃውን ቶሎ ያጣል፤ የአየር ቋቱ ከመጠን በላይ ይሰፋል፤ ጫጩቱም ደርቆ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። ውኃ ጨመረች፣ እርጥብ ጆንያ ዘረጋች፤ የተፈለፈለው ከግማሽ አይበልጥም። የሚያስፈልጋት ውርጭ የለመደ የደጋ ዶሮ እንቁላል ነው። ወደ ዲንቄ መንደር ወጥታ ደጅ ለደጅ ዞረች። የዲንቄ ጎረቤቶች እንቁላሉን ጉያቸው ውስጥ ይዘው «የለንም» አሏት። አንዷ ብቻ ሳትደብቅ ተናገረች፦ «እንቁላል ሲቸግርሽ ነው ጥፋትሽ የታየሽ?»

ፈለቀች ነገሩ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ራሷም መለየት አልቻለችም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሮቤ ገበያ ላይ፣ ዲንቄ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ቆማ ተናገረች። ቦታው ላይ አሁን የላስቲክ ጫማ የሚሸጥ ሰው ተቀምጧል። «ባለፈው ዓመት ዲንቄን አሮጌ ሸጠችልኝ ያልኩት ውሸት ነው። ጫጩቶቹን ያፈንኳቸው እኔ ነኝ» አለች። ጥቂቶች ዞር አሉ። «የትኛዋ ዲንቄ?» አለች አንዷ። «የአሮጌዋ ናታ» ስትል ሌላዋ መለሰችላት፤ ከዚያ ወደ ዋጋቸው ተመለሱ። ስሙ ሥር ሰዷል፤ ማን እንዳወጣው ግን ተረስቷል።

አሁን ፈለቀች ቄቦቿን በቅርጫት ጭና የምትወርደው ጎባ ገበያ ነው። የምትቀመጠው ከነጭ ሽንኩርት ተራው አጠገብ ነው። ዲንቄ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረች፤ በሦስተኛው ተወችው፤ ጀርባዋን ሰጥታት ትቸረችራለች። ቄብ የሚገዛ ሰው በመጣ ቁጥር ፈለቀች ዋጋ ከመናገሯ በፊት ነገሩን ታወራለች፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፦ እንቁላሉ የማን እንደነበረ፣ መተንፈሻውን ማን እንደደፈነው፣ ገበያ መሃል ምን ብላ እንደተሳደበች።

ባለፈው ገበያ አንዲት ሴት ሰልችቷት፣ «ቄቡን ትሸጪልኛለሽ ወይስ ንስሐ እየገባሽ ነው?» አለቻት። አጠገቧ ያሉት ፈነዱ።

ዲንቄ አልሳቀችም፤ አልዞረችምም። ነጭ ሽንኩርቷን በየመደቡ እየደረደረች ነበር።

ሴትዮዋ ቄብ ሳትገዛ ሄደች። ከአጋርፋ በኩል የመጣ ገበሬ በቦታዋ ቆመና የአንዷን ቄብ እግር ይዞ፣ «ከየት የመጣች ናት?» ብሎ ጠየቀ። ፈለቀች ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፅዋንም ሽንኩርት ተራው ድረስ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።